ከማሳ የሚወጣ ፈሰስና የለገዳዲ ግድብ ውኃ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በደጋው ጥቁር አፈር ላይ የሚያርስ ገበሬ በየክረምቱ ሁለት ችግር ይገጥመዋል። ውኃው ከማሳው ካልወጣ ሰብሉ ሥሩ ታፍኖ ቢጫ ይሆናል። ውኃው በኃይል ከወጣ ደግሞ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ለመጀመሪያው ችግር ገበሬው ከጥንት ጀምሮ መፍትሔ አለው፤ በማረሻው ፈሰስ እያወጣ ውኃውን ያስወግዳል። ሁለተኛውን ችግር ግን አንድ ገበሬ ብቻውን ሊፈታው አይችልም። የአንዱ ፈሰስ የሚያልቀው በጎረቤቱ ማሳ ወይም በጋራ ወንዝ ላይ ነውና።

ይህ ጉዳይ በሰንዳፋና በለገዳዲ አካባቢ ከሌላው ቦታ ይልቅ ክብደት አለው። ከዚህ አካባቢ ማሳዎች የሚወርደው ጎርፍ የሚገባው የአዲስ አበባ ሕዝብ ወደሚጠጣው ግድብ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፈሰስ ይቅር ለማለት አይደለም። ፈሰስ በምን ያህል ቁልቁለት መሄድና የት ማለቅ እንዳለበት፣ ይህም ለገበሬውና ለከተማው የሚሰጠውን ጥቅም ለማስረዳት ነው።

2. ግድቡና ተፋሰሱ

አዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የምታገኘው ከሦስት ዋና ዋና ግድቦችና ከጉድጓዶች ነው። በስተምዕራብ ያለው የገፈርሳ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ተሠርቶ በኋላ ተስፋፍቷል። በስተምሥራቅ ያለው የለገዳዲ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የድሬ ግድብ ተጨመረ፤ የድሬ ውኃም የሚጣራው በለገዳዲ ማጣሪያ ነው።

ለገዳዲ ከ40 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ይይዛል። ወደ ግድቡ ውኃ የሚያቀብለው ተፋሰስ ስፋት 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ሰፊው ክፍል የሚታረስ መሬት ነው። ግድቡ የሚሞላው በክረምቱ ዝናብ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የገባው ውኃ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ይጠጣል። ስለዚህ በነዚህ ወራት ከማሳ ታጥቦ የወጣው ነገር ሁሉ ከውኃው ጋር ከርሞ ይገኛል።

3. ውኃው ለምን ይደፈርሳል?

ጎርፍ የሚያመጣው አፈር አንድ ዓይነት አይደለም። አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ ተቀላቅለው ይመጣሉ። እነዚህ ሦስቱ በውኃ ውስጥ ያላቸው ጠባይ ግን በጣም ይለያያል።

ሀ) የአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አሸዋ ጸጥ ባለ ውኃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመስጠም ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።

ለ) የአንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ደለል ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል።

ሐ) የአንድ ሺሕኛ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሸክላ ቅንጣት ሁለት ሳምንት ገደማ ያስፈልገዋል። ከዚያ የረቀቀው ደግሞ ወራትና ዓመታት ቢቆይም አይጠልልም።

ጥቁር አፈር አብዛኛው ክፍሉ ሸክላ ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ በራሳቸው ተያይዘው አይሰጥሙም። በዚህ ምክንያት በማጣሪያው ጣቢያ ውኃው ላይ አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨመርበታል፤ ይህም በአገራችን ሻብ ከሚባለው ጋር አንድ ወገን ነው። በዚህ ጊዜ የሸክላው ቅንጣት ተያይዞ እየከበደ ይሰጥማል። ቀጥሎ ውኃው በአሸዋ ተጣርቶ በክሎሪን ይታከማል። ውኃው በደፈረሰ ቁጥር የሚያስፈልገው መድኃኒት ይበዛል፤ የማጣሪያው አሸዋም ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይኖርበታል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለልማት ሠራተኛው እጅግ አስፈላጊ ነው። በቦረቦር ውስጥ የሚሠራው የድንጋይ ክትር አሸዋውንና ከደለሉ ከፊሉን ያስቀራል። ሸክላውን ግን አያስቀርም። ውኃው ከክትሩ ኋላ ሁለት ሳምንት ቆሞ አይጠብቅምና። ሸክላ አንድ ጊዜ ከማሳው ከወጣ ግድቡ እስኪደርስ ድረስ የሚያስቆመው ነገር በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሸክላን ለመያዝ የተሻለው ቦታ ማሳው ራሱ ነው።

4. የአፈሩ ሒሳብ

ከአንድ ሄክታር ማሳ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ቢታጠብ በዓይን አይታወቅም። ነገር ግን ይህ 10 ሜትር ኩብ አፈር ነው። በክብደት ሲታሰብ ከ100 ኩንታል ይበልጣል። የሚታጠበውም የላይኛው አፈር፣ ማለትም ፍግ የፈሰሰበትና ማዳበሪያ የተዘራበት ነው።

የለገዳዲ ተፋሰስ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ወይም 20,000 ሄክታር ነው ብንል፣ ከመላው ተፋሰስ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ቢነሣ 200,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። እርግጥ ሁሉም ግድቡ አይደርስም፤ ከፊሉ በመንገድ ይቀራል። ግማሹ ብቻ ቢደርስ እንኳ የ100,000 ሜትር ኩብ ውኃ ቦታ በጭቃ ይያዛል። ይህም 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ሲቆጠር አምስት ሚሊዮን ጀሪካን ነው። ያ ቦታ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ አይገኝም።

የዚህ ዓይነቱ ጉዳት ምን ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለኤሌክትሪክ ኃይል ተብሎ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ በደለል ተጎድቶ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ነበር። እንደገና ታድሶ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ለገዳዲም የሚገኘው በዚሁ በአቃቂ ተፋሰስ ውስጥ ነው።

5. ፈሰስን ማስተካከል

በጥቁር አፈር ላይ ጤፍ ብዙ ጊዜ የሚዘራው በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ነው። መሬቱ ደጋግሞ ስለሚታረስ ይደቅቃል፤ በከብትም ስለሚረገጥ ፊቱ ይጠጥራል። በዚህ ሁኔታ ኃይለኛው ዝናብ ባዶውን መሬት ያገኘዋል። በዚህ ላይ ፈሰሱ ቁልቁል ቀጥ ብሎ ከወጣ በጥቂት ክረምት ውስጥ ቦረቦር ይሆናል። ይህን ለመከላከል ቀጥሎ የተመለከቱት ተግባሮች በቅደም ተከተላቸው ይፈጸማሉ።

1ኛ/ መውጫውን አስቀድሞ ማዘጋጀት። የማሳዎቹ ሁሉ ውኃ የሚሰበሰብበት መውረጃ በጋራ ይመረጣል። ሰፊና ጎድጎድ ያለ ሆኖ ሰርዶ፣ ደሾ ወይም ፋላሪስ ሣር ይተከልበታል። ሣሩ በደንብ ሥር ሳይሰድ ውኃ ሊለቀቅበት አይገባም። ስለዚህ መውረጃው ከፈሰሱ አንድ ክረምት ቀድሞ መሠራት አለበት። ብዙ ሥራ የሚበላሸው ይህ ሳይደረግ ሲቀር ነው።

2ኛ/ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ መቀልበስ። ከማሳው በላይ ካለው ግጦሽ ወይም መንገድ የሚመጣ ጎርፍ ካለ፣ በመቀልበሻ ቦይ ወደ ተዘጋጀው መውረጃ ይመራል። ይህ ካልተደረገ በማሳው ውስጥ የሚደረገው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

3ኛ/ ፈሰሱን በልክ ማዝመም። ለዚህ የሚያስፈልገው 10 ሜትር ገመድ፣ ሁለት ዘንግና አንድ ውኃ ልክ ነው። ከላይ በሚቆመው ዘንግ ላይ ገመዱ ከመሬት በ1 ሜትር፣ ከታች በሚቆመው ላይ በ1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይታሰራል። ውኃ ልኩ በገመዱ መካከል ይንጠለጠላል። የላይኛው ሰው ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ የታችኛው ሰው የውኃ ልኩ አረፋ መሐል እስኪሆን ድረስ ቦታውን እየለዋወጠ ይፈልጋል። እዚያ ላይ ችካል ይመታል። የላይኛው ሰው ወደ ችካሉ መጥቶ ሥራው እንደገና ይቀጥላል። በዚህ አኳኋን የወጣ ፈሰስ በየ10 ሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ስለሚል ውኃውን ያስወጣል፤ መሬቱን ግን አይቦረቡርም።

4ኛ/ ሰፊ መደብና ቦይ ማውጣት። ለስንዴና ውኃ መተኛት ለማይወዱ ሌሎች ሰብሎች 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ይወጣል። ቢቢኤም የሚባለውና ከባህላዊው ማረሻ ጋር የሚሠራው መሣሪያ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ነው። መደቡ ውኃ ስለማይተኛበት ስንዴ ቀደም ብሎ ሊዘራ ይችላል። ቀደም ብሎ የተዘራ ሰብል ኃይለኛው ዝናብ ሲመጣ መሬቱን ሸፍኖ ይጠብቃል። ቦዮቹም ቢሆኑ ከላይ እንደተገለጸው ዘመም ብለው መውጣት አለባቸው፤ ቁልቁል ከወጡ ከፈሰስ የባሰ ጉዳት ያስከትላሉ።

5ኛ/ የወንዝ ዳር መተው። ከወንዙና ከግድቡ ዳር ቢያንስ 10 ሜትር ሳይታረስ በሣር ይያዝ። ሣሩ ሸክላውን ሁሉ አያስቀርም፤ ነገር ግን የውኃውን ፍጥነት ይቀንሳል፣ የወንዙ ዳር እንዳይናድም ይከላከላል።

6. ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ፀረ-አረምና ስለ ከብት

ፎስፈረስ ከሸክላ ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ አፈሩ ሲታጠብ አብሮ ይታጠባል። ግድብ ውስጥ ሲደርስ አረንጓዴ አልጌ ያፈላል። ይህም የውኃውን ጣዕምና ሽታ ያበላሻል፤ ከአልጌው ወገን መርዝ የሚያመነጭም አለ። ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ በዘር ወቅት ከአፈር ጋር ሊቀላቀል ይገባል። ዩሪያ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተከፋፍሎ ይሰጥ። ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ ወይም ከባድ ዝናብ ሊጥል ባንዣበበበት ሰዓት መበተን ገንዘብን ለጎርፍ መስጠት ነው።

ለጭቃ ተብሎ የተዘጋጀ ማጣሪያ በውኃ የሟሟ ፀረ-አረምን በሚገባ አያስወግድም። መርጫውን በወንዝ ማጠብ ፈጽሞ አይገባም። የታጠበበት ውኃ እዚያው የተረጨው ማሳ ላይ ይረጭ። ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ተበስቶና ለብቻው ተቀምጦ ለሚመለከተው ክፍል ይመለስ እንጂ ለውኃ መቅጃ አይዋል።

ከብቶች ወንዝ ውስጥ ገብተው ሲጠጡ ዳሩን ይንዳሉ፤ እበታቸውም ውኃው ውስጥ ይወድቃል። በተለይ በጥጃ እበት ውስጥ ከሚገኙት ተሐዋስያን መካከል ክሎሪን በቀላሉ የማይገድላቸው አሉ። ከወንዙ ርቆ የሚሠራ የጋራ ገንዳ ለከብቱም ለሰውም ጤና ይበጃል።

7. ለገበሬዎች የሚደረግ ማሳያ

ብዙ ከመናገር ሦስት ጠርሙስ ማሳየት ይሻላል። አንድ ከባድ ዝናብ በጣለበት ቀን ሦስት ንጹሕ ብርጭቆ ጠርሙሶች ይሞላሉ፤ አንዱ ከሣር መሬት ከሚወጣ ውኃ፣ ሁለተኛው ዘመም ብሎ ከወጣ ፈሰስ፣ ሦስተኛው ቁልቁል ቀጥ ብሎ ከወጣ ፈሰስ። ሳይነቀነቁ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ ይቀመጡ። በማግሥቱ ከሥር የሰጠመው ጭቃ በጣት ይለካ። ከሳምንት በኋላ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ኋላ የተጻፈ ወረቀት ይያዝና ጽሑፉ መነበቡ ይታይ።

በመጨረሻ በሦስተኛው ጠርሙስ ጥቂት የተፈጨ ሻብ ጨምሮ ቀስ ብሎ ማማሰልና ጭቃው ሲያያዝ ማየት ይቻላል። ገበሬው ከተማው የሚከፍልለት ነገር የራሱ አፈር መሆኑን በዓይኑ ያያል። ይህ ውኃ ለማሳያ እንጂ ለመጠጥ እንደማይሆን አስቀድሞ ይነገር።

8. ገበሬው የሚያነሣው ጥያቄ

የልማት ሠራተኛው በስብሰባ ላይ፣ «አዲስ አበባ ለሚጠጣው ውኃ እኔ መሬቴን የምተወው ስለ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ መጠበቅ አለበት። ይህ ጥያቄ የእምቢተኝነት ምልክት ሆኖ ሊታይ አይገባም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የወንዝ ዳር 10 ሜትር መተው አነስተኛ ማሳ ላለው ገበሬ ቀላል አይደለም።

መልሱ በሁለት ወገን ይሰጣል። በመጀመሪያ፣ ከተሠራው ሥራ አብዛኛው ለገበሬው ራሱ ነው፤ አፈሩና ማዳበሪያው ይቀርለታል፣ ስንዴውን ቀድሞ ይዘራል፣ ከመውረጃውና ከወንዙ ዳር ሣር ያጭዳል። ሣሩ በበጋ ለጥማድ በሬውና ለላሙ መኖ ነው። ሁለተኛ፣ ለከተማው ብቻ የሚጠቅመውን ወጪ ገበሬው ብቻውን እንዲሸከም መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም። የከብት ገንዳ፣ የሣር ችግኝና መሣሪያ የመሳሰለውን ማኅበሩ በአባላቱ ስም አጥንቶ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሊያቀርብ ይገባል። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢጠይቅ የሚሰማው ላያገኝ ይችላል፤ የአንድ ሸለቆ ገበሬዎች በአንድነት ሲጠይቁ ግን ጥያቄው ክብደት ይኖረዋል።

9. የሥራ ጊዜ

በሚያዝያና በግንቦት፦ የአንድ መውረጃ ተጠቃሚዎች ሁሉ ተሰብስበው መሬቱን በእግር ይዩ፤ መውረጃውን ይምረጡ፤ የማን ፈሰስ የት እንደሚገባ ይስማሙ።

በሰኔ፦ ሣር ይተከል፤ መቀልበሻ ቦዮች ይጠረጉ፤ መደብና ቦይ ይውጣ።

በሐምሌና በነሐሴ፦ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ መውረጃው ይታይ፤ የተቦረቦረ ካለ ትንሽ ሳለ ይደፈን።

በመስከረምና በጥቅምት፦ ሣሩ ታጭዶ በስምምነቱ መሠረት ይከፋፈል፤ ከብት እንዳይለቀቅበት ይጠበቅ።

10. ማጠቃለያ

ግድብ የሚጠበቀው ከግንቡ ዳር ብቻ አይደለም፤ በላዩ ባሉት ማሳዎችም ጭምር ነው። ክትር ጠቃሚ ቢሆንም ሸክላን አያስቀርም። ሸክላውን የሚያስቀረው ዘመም ብሎ የወጣ ፈሰስ፣ ሣር የለበሰ መውረጃና ዝናቡ ሳይደርስ የተሸፈነ መሬት ነው። ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና ማኅበራት በዚህ ክረምት ከአንድ መውረጃና እርሱን ከሚጋሩት ገበሬዎች ጋር ሥራውን እንዲጀምሩ ይመከራሉ። አንዱ መውረጃ ከሠመረ ለሁለተኛው ምሳሌ ይሆናል።