መጀመሪያ እሾሁን፣ ከዚያ ጎማውን

ሞተር ብስክሌት ዛሬ ብዙ ገጠር ገብታለች። በሽተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ታደርሳለች። ዘርና መድኃኒት ታመጣለች። ይህች ሞተር በአንዲት የግራር እሾህ ትቆማለች። ጎሚስታው ያለው ከተማ ነው። ከተማው ደግሞ ሩቅ ነው። ስለዚህ የተነፈሰ ጎማ መለጠፍን በየቤታችን እንወቅ። ይህ ምክር ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ላለው ጎማ ነው።

ጎማው ተንፍሶ ሳለ አትንዱ። «ቤቴ ቅርብ ነው» ብሎ የሚነዳ ሰው ከመነዳሪውን ይቀደዋል፤ ቸርኬውንም ያጣምማል። የመርፌ ቀዳዳ ለአዲስ ጎማ ወጪ ትዳርጋለች። ወርዳችሁ ግፉ።

ቤት ስትደርሱ ሞተሯ እንዳትወድቅ በግንድ ደግፏት። ጎማውን እያዞራችሁ ተመልከቱ። እሾህ ወይም ምስማር ካያችሁ ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጉበትና ንቀሉት። እግሩን ስትፈቱ ብሎኖቹን በጨርቅ ላይ እንደ ሀ ሁ በተራ ደርድሯቸው። ስትመልሱ አይጠፋችሁም።

የቀረውን ነፋስ አስወጡ። የጎማውን ጠርዝ በአንድ ወገን በጉልበታችሁ ወደ ቸርኬው ጎድጓዳ ተጫኑት። በሌላው ወገን በመፈልቀቂያ ብረት ጥቂት በጥቂት አውጡት። ከመነዳሪውን ስባችሁ አውጡና ነፋስ ሞልታችሁ ውኃ ውስጥ ንከሩት። አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ብዙ ሰው ቀዳዳውን ለጥፎ ጎማውን ይመልሳል። በማግሥቱ ዳግመኛ ይተነፍሳል። ለምን? የእሾሁ ስባሪ በላይኛው ጎማ ውስጥ ቀርቷላ! ስለዚህ የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁን የሚይዘው ቦታ እሾሁ ያለበት ነው። በባዶ እጅ አትዳብሱ፤ ይወጋችኋል። በወረንጦ ንቀሉት።

ቀጥሎ ከመነዳሪውን አድርቁ። የቀዳዳውን ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። ማስቲሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ወዲያው አትለጥፉ! እርጥበቱ እስኪጠፋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ መለጠፊያውን ከመሐል ወደ ዳር አጥብቃችሁ ተጫኑት። ማስቲሽ በእሳት ይያያዛልና ከምድጃና ከኩራዝ አርቁት። ቀዳዳው ከቫልቩ ሥር ከሆነ ግን መለጠፍ አያዋጣም፤ ከመነዳሪው ይለወጥ።

ስትመልሱት ክብ እስኪሆን ብቻ ንፉት፤ ያኔ አይጣመምም። የጎማውን ጠርዝ የሳሙና ውኃ አስነኩት። ብረቱ ከመነዳሪውን እንዳይቆነጥጠው ተጠንቀቁ። መጨረሻ የምታስገቡት በቫልቩ በኩል ያለውን ይሁን።

የነፋሱ ልክ በሞተሯ መጽሐፍ ላይ በቁጥር ተጽፏል። ቁጥር ማወቅ እዚህ ይጠቅማል! በጎማው ጎን የተጻፈው ግን ጎማው የሚችለው ከፍተኛው መጠን እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም።

ከመነሣታችሁ በፊት ዳዶውን አጥብቁ፤ ካቴናውንና ፍሬኑን ፈትሹ። ያልጠበቀ ዳዶ ሰው ይገድላል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ማስቲሽ፣ መለጠፊያና መንፊያ ከጎረቤት ጋር አዋጥታችሁ ግዙ። ይህን ጽሑፍም ላላነበበው አንብቡለት።