ከሰማይ የታየ አረንጓዴ ሁሉ ዛፍ ነውን?

የተወደዳችሁ ደጋፊዎቻችን፣ በስጦታችሁ በጅጅጋና በቀብሪበያህ የተተከሉት ችግኞች መጽደቃቸውን፣ ካርቦን መያዛቸውንም፣ በሳተላይት ፎቶግራፍ ማየት ይቻል እንደ ሆነ ጠይቃችሁናል። ይቻላል፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻዋል።

ለምለም ቅጠል የፀሐይን ቀይ ብርሃን ለምግቡ ይወስዳል፤ ከቀይ ቀጥሎ ያለውንና ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ግን ብዙውን መልሶ ያንጸባርቃል። ላንድሳት የተባለው ሳተላይት ከ1972፣ ሴንቲነል ሁለት ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ልዩነት ይመዘግባሉ። የሴንቲነል አንዱ ነጥብ በምድር ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ በግቢ ያለች የአንድ ዓመት ችግኝ አትታይበትም።

ትልቁ ስሕተት ግን በካራን ዝናብ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ የሚመጣው ነው። ሜዳው ሁሉ ይለመልማል፤ በየመንገዱ ዳርና በየባዶ ቦታው ያለው ልምላሜ ግን ብዙ ጊዜ ግጦሽ የሚያጠፋውና ወተት የሚያመረው ቅንጨ አረም ነው። (በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከእርዳታ እህል ጋር ገባ ይባላል፤ ለእኛ ለእርዳታ ሠራተኞች የሚያኮራ ወሬ አይደለም።) በብርሃኑ ልዩነት ብቻ አረሙና ግራሩ አንድ ይመስላሉ። የአረሙ ካርቦን ሲበሰብስ ወደ አየር ይመለሳል፤ የዛፉ ግን፣ ለከሰል ካልተቆረጠ፣ በግንዱ ለዓመታት ይቀመጣል።

ስለዚህ ሣሩ ሲደርቅ፣ በጥር ወር የተነሣውን ፎቶግራፍ እንመርጣለን። ከዚያም ሠራተኞቻችን በእግራቸው ሄደው ያደጉትን ዛፎች የግንድ ዙሪያ በሜትር ይለካሉ፤ የደረቁትንም ይቆጥራሉ። ውሃ በአህያ ጋሪ በሚገዛበት ሰፈር፣ አንዲት እናት የገዛችው ጄሪካን ከልጆቿ ተርፎ ለችግኙ ይደርስ እንደ ሆነ መጠየቅም የእነርሱ ሥራ ነው። ጸልዩላቸው። በጥር የሚደርሳችሁ ፎቶግራፍ ቡናማ ቢሆንም አትደንግጡ።