ከማርያም ማግስት የጀመረ ቆጠራ

በእርግዝና ክትትል ክፍል ከሚነሡት ጥያቄዎች ቀዳሚው የመጨረሻው የወር አበባ የታየበትን የመጀመሪያ ቀን የሚመለከት ሲሆን፣ የጽንሱ ዕድሜም ሆነ የመውለጃው ጊዜ የሚሰላው ከዚሁ ቀን ተነሥቶ ነው። ነፍሰ ጡሯ «ቀኑን አላውቀውም» ስትል ብዙ ጊዜ በካርዷ ላይ «አታስታውስም» ተብሎ ይጻፍና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይታለፋል፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው በበዓል፣ በጾም ወይም በገበያ ቀን በኩል ዞሮ ሲቀርብላት፣ ያችው ሴት «የጥር ማርያምን አንግሼ በገባሁ በማግስቱ መጣብኝ» ብላ ስትመልስ መስማት የተለመደ ነው። በወር አበባዋ ወቅት ቤተ መቅደስ የማትገባ ምእመን ቀኗን ሳትጠብቅ ልትኖር አትችልም፤ ዕውቀቱ በእጇ እያለ የጎደላት፣ ያ ዕውቀት በባለሙያ ፊት ዋጋ እንዳለው የሚነግራት ሰው ነው።

ስሌቱ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ማንም ሴት ራሷ ልትሠራው የምትችለው ነው። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ 280 ቀን፣ ማለትም 40 ሳምንት እንደሚፈጅ ስለሚታሰብና ወሮቹ ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ፣ ጳጉሜን በመካከል ካልገባች 9 ወር ከ10 ቀን፣ ባለ 5 ቀን ጳጉሜን ከገባች 9 ወር ከ5 ቀን፣ ባለ 6 ቀን ከሆነች ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን ይደመራል። በዚህ መሠረት በጥር ማርያም ማግስት፣ ጥር 22 ቀን የወር አበባዋን ያየች ሴት፣ ጳጉሜን 5 በምትሆንበት ዓመት የመውለጃዋ ቀን ጥቅምት 27፣ በመድኃኔ ዓለም ዕለት ይውላል።

ስሌቱ ግን የወር አበባ ዑደት፣ ማለትም ከአንዱ የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ያለው ጊዜ፣ 28 ቀን ነው ከሚል ግምት የተነሣ ሲሆን፣ የብዙ ጤናማ ሴቶች ዑደት ከ21 እስከ 35 ቀን ባለው መካከል ይለያያል። እንቁላል ከእንቁልጢ ከወጣ በኋላ ቀጣዩ የወር አበባ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ሆኖ ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ ልዩነቱን በአመዛኙ የሚፈጥረው ከዚያ በፊት ያለው ክፍል ነው። ስለዚህ ጥር 22 ቀን ያየችው ሴት ዑደቷ 35 ቀን ከሆነ ጽንስ የምትይዘው አንድ ሳምንት ዘግይታ በመሆኑ የመውለጃዋ ቀን ወደ ኅዳር 4 ይገፋል፤ «እኔን በየአምስት ሳምንቱ ነው የሚመጣብኝ» ስትል የሚሰማት ከሌለ፣ ቀኗ ሳያልፍ እንዳለፈ ተቆጥሮ የምጥ ማምጫ መድኃኒት ያለጊዜው ሊሰጣት ይችላል። አልትራሳውንድ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጽንሱን ዕድሜ በአንድ ሳምንት ልዩነት ውስጥ የሚያሳይ ቢሆንም፣ በመጨረሻዎቹ ወራት እስከ ሦስት ሳምንት ሊስት ስለሚችል፣ ክትትል ዘግይታ ለጀመረች እናት የራሷ ቆጠራ ከመሣሪያው የበለጠ ሊታመን የሚችልበት ጊዜ አለ።

በዑደቱ መካከል፣ እንቁላል ሊወጣ ሲቃረብ፣ ከማህፀን ጫፍ የሚመነጨው ፈሳሽ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ጠርቶ ይሳባል። ሽታም ሆነ ማሳከክ የሌለው ይህ ፈሳሽ ጽንስ ሊያዝ የሚችልበትን ጊዜ የሚያመለክት የጤና ምልክት ሆኖ ሳለ፣ በበሽታነት ተቆጥሮ መድኃኒት የሚገዛለት፣ ከዚያም አልፎ ብልትን ወደ ውስጥ በሳሙና ለማጠብ ምክንያት የሚሆንበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ እጥበቱ ደግሞ የብልትን ጤንነት የሚጠብቁትን ባክቴሪያዎች በማጥፋት ያልነበረውን ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን የእርግዝና መከላከያ መርፌ ከሚወስዱ ሴቶች ዘንድ የሚሰማው ስጋት በአንጻሩ የሚመነጨው ከወር አበባ መቅረት ነው። መርፌውን ለአንድ ዓመት ከተጠቀሙት ግማሽ ያህሉ የወር አበባቸው ስለሚቋረጥ፣ «ደሙ ውስጤ ተጠራቅሞ ይሆን?» የሚል ጭንቀት አድሮባቸው መከላከያውን የሚያቆሙ አሉ። ጭንቀቱን በ«ምንም አይልሽም» አፍኖ ማሰናበት አይገባም፤ በመርፌው ውስጥ ያለው ሆርሞን የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ስለሚያሳሳው በየወሩ የሚፈርስ ነገር እንደማይኖር፣ ስለዚህም የሚጠራቀም ደም እንደሌለ ማስረዳት ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም። ይህ ሳይነገራቸው መርፌውን አቋርጠው ሳያስቡት ያረገዙ ሴቶች ዕዳው በራሳቸው ላይ ብቻ የሚጫን መሆኑ ያሳዝናል።

ሴቶች ከሚያስተውሉት ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የጽንስ እንቅስቃሴ ነው። በመጀመሪያ እርግዝና ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 20 ባለው ሳምንት፣ ቀድማ በወለደች ዘንድ ደግሞ ጥቂት ቀደም ብሎ የሚሰማው ይህ እንቅስቃሴ፣ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ለየጽንሱ የራሱ ልማድ ያለው ይሆናል፤ ልማዱንም ከእናቲቱ በቀር የሚያውቀው የለም። ኦክስጅን ያነሰው ጽንስ ጉልበቱን ለመቆጠብ እንቅስቃሴውን ስለሚቀንስ፣ «ከትናንት ቀነሰብኝ» የምትል እናት በዚያው ዕለት ልትመረመር፣ የጽንሱ የልብ ምትም በፌቶስኮፕ ወይም በዶፕለር ሊደመጥ ይገባል። ምቱ ደህና ሆኖ ቢገኝ እንኳ «በከንቱ ደከምሽ» ተብላ መሸኘት የለባትም፤ የመቀነስ ስሜቱ ከተመለሰ በሌሊትም ቢሆን እንድትመጣ፣ ለሁለተኛም ለሦስተኛም ጊዜ ብትመጣ እንደ መጀመሪያው እንደምትታይ ሊነገራት ይገባል።