መዳፉንም እዩ

ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየጉድጓዱ ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ አሶሳ ውስጥ የሕፃናት ክፍል አልጋ አይበቃም። በርታኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ኮሪደር ይደባለቃሉ። ሕመሙ ግን ለብዙዎቹ አንድ ነው፤ ወባ።

በአንድ የጥቅምት ምሽት አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን ታቅፋ ከመንጌ በኩል በሞተር ብስክሌት መጣች። አብራኝ ተረኛ የነበረችው ወጣት ነርስ ፐልስ ኦክሲሜትሩን ጣቱ ላይ አደረገችና ፊቷ ፈካ። «ሲስተር፣ ኦክስጅኑ ደህና ነው፤ ዘጠና ሰባት» አለችኝ። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ልጁ ግን ደህና አልነበረም።

ትንሿን እጁን ገልጬ ከራሴ መዳፍ ጎን አደረግኋት። የመዳፉ መስመሮች እንኳ ቀለም አልነበራቸውም። የታችኛውን የዐይኑን ቆብ ወረድ ሳደርገው ውስጡ ነጭ ነው። አተነፋፈሱ ፈጣን ብቻ ሳይሆን ጥልቅ ነበር፤ ዳገት ሮጦ እንደ ወጣ ሰው ደረቱ በሙሉ ይነሣል፣ ይወርዳል። ሳዳምጠው ግን ሳንባው ንጹሕ ነው። የላቦራቶሪ ውጤቱ ሲመጣ ሂሞግሎቢኑ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 3.8 ግራም ሆነ።

የምንስበው ኦክስጅን በሳንባ ውስጥ ካሉት እጅግ ብዙ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች፣ ከወረቀት በጣም የሚቀጥን ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል። ቀይ የደም ሴል እዚያ የሚቆየው ከአንድ ሴኮንድ ላነሰ ጊዜ ነው፤ ለጤነኛ ሳንባ ይበቃል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ሟሙቶ የሚሄደው ኦክስጅን ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። የቀረውን ሁሉ የሚሸከመው በቀይ ሴሉ ውስጥ ያለው ሂሞግሎቢን ነው፤ አንድ ግራሙ 1.34 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል።

ፐልስ ኦክሲሜትሩ የሚነግረን ካለው ሂሞግሎቢን ምን ያህሉ እንደ ተሞላ ነው። ሂሞግሎቢኑ ራሱ ስንት እንደሆነ አይነግረንም። ለነርሷ «መናኸሪያ የነበሩት ሚኒባሶች ሁሉ ሞልተው ወጡ ማለት፣ መንገደኛው ሁሉ ተሳፈረ ማለት ነው? ሦስት ሚኒባስ ብቻ ቢሆኑስ?» አልኳት። ሒሳቡን አብረን ሠራን። ሂሞግሎቢኑ 12 የሆነ ልጅ፣ በ97 ከመቶ ሳቹሬሽን፣ በ100 ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ 15.6 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይይዛል። የእኛው ልጅ 5 አይሞላም። መሣሪያው ላይ ሁለቱ ልጆች እኩል ናቸው፤ ጭነታቸው ግን የሦስት እጥፍ ልዩነት አለው።

ሚኒባሶቹን ያጠፋቸው ወባ ነው። የፋልሲፓረም ጥገኛ ቀይ ሴሉ ውስጥ ተራብቶ ያፈነዳዋል፤ ጣፊያም ያልተያዙትን ሴሎች ሳይቀር ታስወግዳለች። ኦክስጅን ያጠረው ገላ ያለ እሱ ኃይል ለማመንጨት ሲታገል ላክቲክ አሲድ ይከማቻል። ጥልቁ አተነፋፈስ የሚመጣው ከዚህ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ 70 ገደማው በባይካርቦኔት መልክ በደም ተጉዞ፣ ሳንባ ሲደርስ ወደ ጋዝነት ተመልሶ ይወጣል። አሲድ ሲበዛ አንጎል ጋዙን ቶሎ ቶሎ በማስወጣት ደሙን ከአሲድ ሊያድን ይሞክራል። ስለዚህ በጥልቀት የሚተነፍስ ሕፃን ሁሉ የሳንባ ምች አለበት ማለት አይደለም።

ኦክስጅን መስጠት የሞላውን ሚኒባስ ደግሞ ለመሙላት እንደ መሞከር ነው፤ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ልጁን ያተረፈው የወባ መድኃኒቱ አርቴሱኔትና ደም ነው። ደሙ ጠብ ጠብ እያለ ሲገባ ነርሷ አጠገቡ ተቀምጣ ትንፋሹን ትቆጥር ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ረጋ አለ። ሲነጋ በራሱ አፍ ውኃ ጠየቀ።

ኢትዮጵያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 የሕክምና ኦክስጅንና የፐልስ ኦክሲሜትር ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ አውጥታለች። መሣሪያው የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ቶሎ ለመለየት ትልቅ ባለውለታችን ነው። የሥራ ባልደረቦቼ፣ ቁጥሩን አንብቡ፤ ከዚያ መዳፉንም እዩ።

ለአንባቢ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ዕድሜው 18 የሞላው፣ ክብደቱ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል። የተለገሰ ሙሉ ደም በማቀዝቀዣ የሚቆየው 35 ቀን ነው። ሐምሌ ላይ የተሰጠ ደም ለጥቅምት አይደርስም። የወባው ወቅት ሲገባ ኑና ለግሱ።