ምጣዱ ከመገዛቱ በፊት ሽቦው ይታይ

ሚኒሶታም ይሁን ካልጋሪ፣ በብርድ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ክረምት ሲቃረብ ዋጋውን ከሚጠያየቁባቸው ዕቃዎች አንዱ የመኪና ጋራዥ ማሞቂያ ነው። ይህንኑ ዕቃ ጭኖ ነገሌ ቦረና የገባ ነጋዴ ግን ገዢ የሚያገኝ አይመስለንም። ከባሕር ወለል በላይ 1,475 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው ነገሌ ሌሊቷ ቢበርድ ጋቢ የሚመልሰው ብርድ ነው። ከእርሷ ወደ ፊልቱና ዶሎ አዶ፣ ወይም በሌላው አቅጣጫ ወደ ሞያሌ ሲወረድ ደግሞ የሚፈለገው ማሞቂያ ሳይሆን ማራገቢያ ነው። ይሁንና በነገሌም፣ በያቤሎም፣ በሞያሌም በጋራዥና በሰርቪስ ቤት ውስጥ የሚተከል አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ። ኃይሉም በብርድ አገር ከሚሸጠው ተራ የክፍል ማሞቂያ እጥፍ ያህል ነው። ስሙ ምጣድ ይባላል።

የምጣድ ገበያ በነዚህ ከተሞች እንደ አዲስ አበባ ሰፊ አይደለም። በቆላው ማዕድ ላይ ወተቱ፣ ሩዙ፣ ፓስታውና የሶማሌው ላሆ ትልቅ ድርሻ አላቸው። የጤፍ እንጀራ ፈላጊው ከደጋ ተመድቦ የመጣው መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነጋዴው፣ የጭነት መኪና ሹፌሩና እነርሱን የሚያስተናግደው ምግብ ቤት ነው። ከነዚህ ሁሉ ጀርባ ደግሞ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታስረክበው ሴት አለች። ለእርሷ ምጣዱ የቤት ዕቃ ብቻ ሳይሆን መነሻ ካፒታሏ ነው። የዕቁብ ዕጣ ወይም የሁለት ፍየል ሽያጭ ታወጣበታለች። ቤት ወስዳ ስትሰካው ግን አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ብሬከሩ ይወርዳል። ከዚህ የከፋው ብሬከሩ ሳይወርድ ቀርቶ ሽቦው በግድግዳው ውስጥ የቀለጠ እንደሆነ ነው።

በኢኮኖሚክስ ትምህርት አንዱ ያለሌላው የማይፈይድ ዕቃ ተደጋጋፊ ሸቀጥ ይባላል፤ ለምሳሌ መኪናና ቤንዚን። ምጣድና ሽቦም እንዲሁ ናቸው። ገዢው ግን ገበያ ሲወጣ የሚከራከረው በምጣዱ ዋጋ ላይ ብቻ ነው። ሽቦው፣ ብሬከሩና የኤሌክትሪሺያኑ የእጅ ዋጋ ዘግይተው ይታሰባሉ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ብሬከርና ለሽቦ መሥሪያ የሚሆነው መዳብ ከዶላር ጋር አብረው ወጥተዋል። ስለዚህ ከቆጣሪው እስከ ሰርቪስ ቤቱ 30 ሜትር የሚዘረጋ ሰው የሽቦውን ዋጋ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ለመሆኑ የኃይል ምንጭ ጠፍቶ ነውን? አይደለም። በዚያው አካባቢ በገናሌ ወንዝ ላይ የተሠራውና በጥር 2012 ዓ.ም. የተመረቀው ገናሌ ዳዋ 3 የማመንጨት አቅሙ 254 ሜጋ ዋት ነው። በሙሉ አቅሙ ቢሠራና ኃይሉ ሳይባክን ቢደርስ ከ72 ሺህ በላይ ምጣዶችን በአንድ ጊዜ ሊያግል ይችላል ማለት ነው። የቦረናን ምድር አቋርጦ ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያዋ ሱስዋ የሚሄደውና ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መስመር ደግሞ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ለመሸከም የተሠራ ነው። ከብቱን ከሥሩ የሚያሰማራው አርብቶ አደር ለምን ከዚህ ላይ አይቀጠልልኝም ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ቴክኒካዊ ነው። መስመሩ ባለ 500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሆነ በተራ ትራንስፎርመር ዝቅ ተደርጎ ለቤት አይታደልም። ለቤት የሚደርሰው ኃይል በሌላ መስመር፣ በሰፈር ትራንስፎርመርና በቀጭን ሽቦ አልፎ ነው። ችግሩም የሚገኘው እዚሁ መጨረሻው ላይ፣ ብዙውን ጊዜም ከቆጣሪው ወዲህ ባለው በራስዎ ግቢ ውስጥ ነው።

ምጣዱ ስንት ይበላል?

በገበያ ላይ ያለው የእንጀራ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ብዙዎቹ በትንንሽ ወርክሾፖች የሚገጣጠሙ ናቸው። የሸክላው ጀርባ በቦይ ተቦርቡሮ የሚግለው ሽቦ በእጅ ይጠመጠምበታል፣ በጀሶ ይለሰናል፣ በላሜራ ይታቀፋል። በእጅ የተሠራ ስለሆነ መለካቱ አይጎዳም። ላዩ ላይ የኃይል መጠኑ ያልተጻፈበትም ብዙ ነው፣ የተጻፈበትም ቢሆን ጽሑፉ ሁልጊዜ አይታመንም።

መለካቱ ከባድ አይደለም። ሱቁ ውስጥ መብራት ባይኖር እንኳ አንድ ኤሌክትሪሺያን በቴስተር የምጣዱን ኦም ያነብልዎታል። 48,400ን (ማለትም 220 በ220 ሲባዛ) ለዚያ ቁጥር ያካፍሉት፤ የሚያገኙት ዋቱን ነው። 13.8 ኦም ካነበበ ምጣዱ 3,500 ዋት ነው። 11 ኦም ካነበበ 4,400 ዋት ስለሚሆን ለተራ የቤት መስመር ይከብዳል። ቤት ከደረሰ በኋላ ደግሞ ሌላውን ሁሉ አጥፍተው የቆጣሪውን ቀይ ብልጭታ ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ቆጣሪው ላይ 1600 የሚል ቁጥር ካለ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 1,600 ጊዜ ብልጭ ይላል ማለት ነው። በደቂቃ 93 ከቆጠሩ ምጣድዎ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው።

ከአሜሪካ የሚመጡ እንግዶች በሻንጣ የሚያመጡት ጠፍጣፋ መጋገሪያም አለ። በመሠረቱ የኖርዌይ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ሲሆን፣ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ለእንጀራ አውለውታል። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ግን የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። በ120 ቮልት 1,500 ዋት የሚወስድ መጋገሪያ በእኛ 220 ላይ ሲሰካ ከ5,000 ዋት በላይ ስለሚስብ የመጀመሪያው እንጀራ ሳይነሳ ይቃጠላል። ከነትራንስፎርመሩ ካልመጣ ስጦታነቱ ለዓይን ብቻ ነው።

ሽቦው

3,500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ገደማ ይመጣል። ይህ ሸክም እንደ ሻይ ማፍያ ለአምስት ደቂቃ ብቻ የሚቆይ አይደለም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሊዘልቅ ይችላል። ለመብራት የተዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይህን አይችልም። 30 ሜትር ርቀት ላይ 11 ቮልት ያህል በመንገድ ያስቀራል፤ 180 ዋት የሚጠጋ ሙቀትም በግድግዳውና በኮርኒሱ ውስጥ ይረጫል። ባለ 2.5 ሽቦ በወረቀት ላይ ሊችለው ይችል ይሆናል። ነገር ግን የቆላ ቆርቆሮ ጣራ ሥር እኩለ ቀን ላይ ያለውን ሙቀት የቀመሰ ሰው ሽቦው ገና ምጣዱ ሳይበራ ግማሽ መንገድ መጋሉን ይረዳል። ስለዚህ ከማከፋፈያው ለብቻው የሚወጣ ባለ 4 ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ባለ 20 ወይም 25 አምፒር ብሬከር ያለው፣ ተገቢው ነው። በዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካት ፈጽሞ የማይታሰብ ነው።

ብሬከሩ እየወረደ ያስቸገረ እንደሆነ በትልቅ ይተካልኝ የሚል ደንበኛ አለ፤ እሺ ብሎ የሚተካ ባለሙያም አይጠፋም። ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን ሽቦውን ነው። በቀጭን ሽቦ ላይ 32 አምፒር የሚያሳልፍ ብሬከር ማድረግ ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ክፍት እንደመተው ነው።

ሽቦ ሲገዙ ጫፉን በቢላ ይፋቁት። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው። ይቀላል፣ ይረክሳል፣ የሚሸከመውም ያነሰ ነው። ሻጩ ቅር ቢለው ግድ የለም።

ጋራዡ

ምጣድ ጋራዥ ውስጥ መትከል በራሱ ክፋት የለውም። ከዋናው ቤት የራቀ ነው፤ እንፋሎቱም ሶፋና መጋረጃ አያበላሽም። ግን በእነዚህ ከተሞች ጋራዥ ማለት የመኪና ማደሪያ ብቻ አይደለም። ሞተር ብስክሌቱ፣ ባጃጁ፣ ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ተብሎ የተቀመጠው የቤንዚን ጀሪካን ሁሉ እዚያ ነው። የቤንዚን ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለሉን ተከትሎ ይሳባል። ምጣዱ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ሲሰካና ሲነቀል ብልጭታ አለ። ስለዚህ አንድ ቤት ወይ የቤንዚን ወይ የምጣድ ይሁን። ጀሪካኑ የማይወጣ ከሆነ ምጣዱ ይውጣ። ነዳጁ ከወጣ በኋላም ቢሆን ሶኬቱን ከወለል ከፍ ማድረግ፣ ከምጣዱ አጠገብ ማብሪያ ማጥፊያ መትከልና የእንፋሎቱን መውጫ ከጣራው ሥር መክፈት ያስፈልጋል።

ከቤንዚኑ ቀጥሎ የሚያሰጋው ንዝረት ነው። የምጣዱ ላሜራ፣ የቆርቆሮው ግድግዳ፣ እርጥብ እጅና ባዶ እግር አንድ ላይ ሲገናኙ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሰው ለመግደል ይበቃል። ላሜራው በመሬት ሽቦ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር መያያዝ አለበት። በቆላ ደረቅ አፈር ውስጥ አጭር ዘንግ ብዙም አይረዳም። ጠለቅ ብሎ፣ የእጣቢ ውሃ በሚደፋበት እርጥብ ቦታ መቀበር አለበት። የድሮ ባለሙያዎች ዙሪያውን ከሰልና ጨው የሚጨምሩት በከንቱ አይደለም። 30 ሚሊ አምፒር ሲፈስ የሚቆርጠው ብሬከር ቢጨመርበት ደግሞ ገንዘቡ አያስቆጭም። ብዙ ቀን ሳይሠራበት የቆየ ሸክላ እርጥበት ስለሚጠጣ መጀመሪያ ላይ ሊያስወርደው ይችላል። ያን ጊዜ ሸክላውን ፀሐይ ላይ ማድረቅ እንጂ ብሬከሩን መንቀል መፍትሔ አይሆንም።

ነገሌ ላይ የዕቃ ብልሽት እንደ ቀላል ነገር አይታይም። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈሩት ወታደሮች በአዛዦቻቸው ላይ ሲያምፁ ከምክንያቶቹ አንዱ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ነበር፤ የዓመቱን ታሪክ አንባቢ ያውቀዋል። የምጣድ ብልሽት መንግሥት ባይለውጥም የሸክላ መለዋወጫ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ የጋጋሪዋ ደንበኛ ሌላ ጋ ይሄዳል። መንገድ ላይ የሚሰነጠቀውም አለ። ምጣድ ሲረከቡ በጣት ቋ አድርገው ድምፁን ይስሙ፤ የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ የታፈነ ነው።

የኃይል መቀነሱና ሒሳቡ

ምጣዱም ሽቦውም ደህና ሆኖ እንጀራው ዓይን አላወጣ ካለ ጥፋቱ የሊጡ ላይሆን ይችላል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ኃይል የሚቀንሰው በአንድ አምስተኛ ሳይሆን በአንድ ሦስተኛ ነው፤ የ3,500 ዋቱ ምጣድ 2,340 ዋት ገደማ ይሆናል። ብዙ ቤት አምፖልና ቴሌቪዥን በሚያበራበት ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከመጋገር ይልቅ ንጋት ላይ መጋገር የሚመረጠው ለዚህ ነው።

በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት የሚጋግር ቤት በወር 56 ኪሎ ዋት ሰዓት ለምጣድ ብቻ ያወጣል። የቤት ታሪፍ የመጀመሪያው ርካሽ እርከን 50 ላይ ስለሚያበቃ ምጣድ ያለው ቤት ያንን እርከን ማለፉ አይቀርም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመት፣ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ያም ሆኖ ማገዶውም በነፃ አይመጣም፤ ጭሱ ለዓይንና ለሳንባ የሚያስከፍለውም በደረሰኝ ስለማይመጣ ብቻ ይረሳል። የመጨረሻዎቹን ሦስት አራት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ በሸክላው ግለት ማውጣት ደግሞ ማንኛዋም እናት የምታውቀው ቁጠባ ነው።

ሦስት ምጣድ ተክላ ልትሠራ ያሰበች ጋጋሪ ሒሳቧ ሌላ ነው። 10.5 ኪሎ ዋት በአንድ ፌዝ ላይ 48 አምፒር ስለሚሆን መስመሩ ይጨነቃል። በሦስት ፌዝ ሲከፋፈል ግን በያንዳንዱ 16 አምፒር ብቻ ነው። እንግዲህ ምጣዶቹን ከመግዛቷ በፊት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርንጫፍ ሄዳ የሦስት ፌዝ ቆጣሪ ማመልከቻ ብታስገባና የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይችል እንደሆነ ብታስጠይቅ፣ ሁለቱ ምጣዶች ሥራ ፈትተው አይቀመጡም።

መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት ፀሐይ ይተካዋል የሚሉ ሻጮችም በቆላው ገበያ አሉ። ፀሐዩ በእርግጥ ሞልቷል። ነገር ግን ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት ተራ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ካልተራገፈ የሚሰጠው 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህ ምጣዱን ለ20 ደቂቃ ማብራት ይችላል፤ ለማጋል ያህል ማለት ነው። ለሁለት ሰዓት ጋገራ እንዲህ ያሉ ስድስት ባትሪዎች ያስፈልጋሉ። ሻጩ በአንዱ ይሠራል ካለዎት ሊጥ ይዘው ይሂዱና እዚያው ይጋግርልዎት።