ያውቁ ኖሯል?

የኒጀሩ ቱዋሬግ ጊታሪስት ምዱ ሞክታር የመጀመሪያ ጊታሩን የሠራው በገዛ እጁ ሲሆን፣ ክር አድርጎ የወጠረበትም የብስክሌት ፍሬን ካቦ ነበር! ቤተሰቡ ሃይማኖተኛ በመሆኑ ሙዚቃውን አልወደደለትም። ሞክታር ጊታር የሚጫወተው በግራ እጁ ነው።

የሞክታር ባንድ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው «ፊውነራል ፎር ጀስቲስ» (የፍትሕ ቀብር) አልበም በታማሼቅ ቋንቋ ፈረንሳይንም የአፍሪካ መሪዎችንም ይወቅሳል፤ ጊታሩ ደግሞ ጆሮ የሚያደነቁር ሮክ ነው። ሐምሌ 2023 ኒጀር ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ሲካሄድ ሙዚቀኞቹ አሜሪካ ለኮንሰርት ሄደው ስለነበር ወደ አገራቸው መመለስ አልቻሉም። እዚያው ሳሉም ገና ያልወጣውን አልበም ዘፈኖች ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ረጋ አድርገው እንደገና ቀረጿቸው። ይህኛው ቅጂ «ቲርስ ኦቭ ኢንጀስቲስ» (የኢፍትሐዊነት እንባ) ተብሎ በ2025 ወጥቷል። ሁለቱን አከታትለው ቢያዳምጡ ይመረጣል።