አምቡላንሱ ይመጣል፤ ምን ይዞ?

አምቡላንስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ነጩ መኪናና የሳይረኑ ጩኸት ነው። በሽተኛን የሚያተርፈው ግን ውስጡ ያለው ዕቃና ዕቃውን የሚያውቅበት ባለሙያ ነው። አስም የተነሳበት ሰው ኦክስጅን ይፈልጋል። ከፎቅ የወደቀ የግንባታ ሠራተኛ የአንገት መደገፊያና ጠንካራ ቃሬዛ ያስፈልገዋል። ለወላድ የማዋለጃ ዕቃ፣ ልቡ ለቆመ ደግሞ በኤሌክትሪክ ንዝረት ምቱን የሚመልስ ዲፊብሪሌተር። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

ዲፊብሪሌተርን ወደ በሽተኛው የመውሰድ ሐሳብ ራሱ ያን ያህል የቆየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የቤልፋስቱ የልብ ሐኪም ፍራንክ ፓንትሪጅ 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ማሽን አምቡላንስ ላይ ጫኑ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ልቡ የቆመ ሰው ሆስፒታል እስኪደርስ አይጠብቅም። ንዝረቱ በዘገየ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል።

እኛም ጋ ይህ የገባው ሰው ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ፣ ሰው መንገድ ላይ ሕክምና ሳያገኝ መድረሱ ቢያንገበግባቸው፣ ቤታቸውን ሸጠው አምቡላንሶች በመግዛት ጠብታ አምቡላንስን መሠረቱ።

አሁን ወደ ሰፈራችን ቦሌ ሚካኤል እንምጣ። መንገዱ በመኪና የተጨናነቀ፣ ውስጥ ለውስጥ ያለው ቅያስ ጠባብ፣ ፎቁ ብዙ። የሶማሊኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም ብዙ ናቸው፤ አማርኛ የማይችል ሰው ስልክ ላይ ምን ብሎ ያስረዳ?

ኦክስጅኑን ብቻ እናስላው። ብዙ አምቡላንሶች ላይ የሚገኘው «ኢ» የሚባለው ተንቀሳቃሽ ሲሊንደር ሲሞላ 680 ሊትር ገደማ ይይዛል። ለጠና በሽተኛ በደቂቃ 15 ሊትር ቢሰጥ 45 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ግማሽ ብቻ ከነበረ 22 ደቂቃ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ከቦሌ ሚካኤል ጥቁር አንበሳ በስንት ደቂቃ ይደረሳል? መልሱን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ስትደውሉ «ኧረ ቶሎ ድረሱ፣ ሰው ሊሞት ነው!» ብቻ አትበሉ፤ ላኪው ምን ዕቃ እንደሚያስፈልግ ከዚህ አያውቅም። እንዲህ በሉ፦ «ቦሌ ሚካኤል ነን። እናቴ 60 ዓመታቸው ነው፣ አስም አለባቸው፣ መተንፈስ አቅቷቸዋል፣ ግን ይሰማሉ። 4ኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት የለም።» ከዚያ ጠይቁ፦ «ኦክስጅን አለ? ሲሊንደሩ ሙሉ ነው? ባለሙያ አብሮ ይመጣል?» ይህ ነገረኛነት አይደለም፤ ዕቃው ከሌለ ሌላ ጋ ለመደወል ጊዜ ይሰጣችኋል። ሎኬሽን ላኩ፤ አንድ ሰው ደግሞ ባትሪ አብርቶ አስፋልቱ ዳር ይጠብቅ።

እስኪመጡም ዝም ብሎ መቆም የለም። ሰውዬው ካልሰማና በደንብ ካልተነፈሰ ደረቱ መሃል ላይ በሁለት እጅ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። ደም ከፈሰሰ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ያዙ። የወደቀን ሰው፣ ሌላ አደጋ ካላሰጋው በቀር፣ ጎትታችሁ ታክሲ ውስጥ አትወርውሩት።

እውነቱን ለመናገር ግን የሲሊንደሩን ነገር መጠየቅ የጠሪው ሥራ መሆን አልነበረበትም። በየፈረቃው መጀመሪያ ዕቃው ተቆጥሮ፣ ጎዶሎው ተሞልቶ፣ የተረከበው ሰው የሚፈርምበት ወረቀት ሊኖር ይገባል። ብዙ ብር አይጠይቅም፤ ሥርዓት ነው የሚጠይቀው። አምቡላንስ ያለው ድርጅት ሁሉ ይህን ወረቀት ማሳየት መቻል አለበት፤ እኛም «ስንት አምቡላንስ ገዛችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ውስጡ ምን አለ?» ብለን እንጠይቅ።

እስከዚያው ስልካችሁን አውጡና ቀይ መስቀልን 907፣ እሳትና አደጋን 939፣ ጠብታን 8035 ብላችሁ መዝግቡ። ሶማሊኛ ተናጋሪ ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ለእሱም መዝግቡለት፤ ቀኑ ሲመጣ ማን እንደሚደውልለትም ተነጋገሩ።